ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ያረጀ የቤት ኮምፒውተር እንዴት ይታከማል?

እናቴ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ ኮምፒውተር አለ። በ2004 ዓ.ም ነው የተገዛው። 4 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 500 ጊጋባይት ሀርድ ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት)። ሲገዛ ዊንዶውስ 7 ነበረው፣ በኋላ 10 ተጫነበት። ባለፈው ክረምት ስሄድ እናቴ ስሞታ አቀረበች። "ከፍቼው ቡና ቆልቼ እመለሳለሁ። እሱ ገና ያቺን ክቧን ያሽከረክራል።"

ሰፈር ውስጥ ላለ ሰሪ ብትወስዱት መልሱ ይታወቃል። "ፎርማት ይደረግ።" ያለው ተደምስሶ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን ማለት ነው። ቢዘገይም ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋም ፎርማት፣ ቫይረስ ቢገባበትም ፎርማት። ልክ እንደ ዳማከሴ ለሁሉም በሽታ ይታዘዛል። አንዳንዴ ያድናል፣ አልክድም። ግን የታመመው ሀርድ ዲስኩ ከሆነ፣ ፎርማት የተደረገው ኮምፒውተር ብዙ ሳይቆይ ወደ ድሮው ዝግመቱ ይመለሳል። የጠፋው ፎቶ ግን አይመለስም።

ይሄን የምለው ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት ላፕቶፔን አንድ ሱቅ ወሰድኩ። ልጁ "ዕቃህ ዲ ላይ ነው አይደል?" አለኝ። እኔም ሳላስብ "አዎ" አልኩ። የምርቃት ፎቶዎቼ ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ። ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ውስጥ ነው፣ ፎርማት የሚደረገው ክፍል ውስጥ። ማታ ስቀበለው ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይፈጥናል፤ ባዶ ስለሆነ።

ስለዚህ እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ላሳያችሁ። የማስረዳው በዊንዶውስ 10 ነው። 7 እና 8 ላይም ብዙው ይሠራል፣ ግን የአንዳንዱ ነገር ቦታ ይለያል፣ አንዳንዱም የለም።

1. መጀመሪያ ዕቃችሁን አውጡ

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ ገልብጡ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ። ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚባል ፎልደር አለ። ብዙ ሰው ይረሳዋል። የዘመድ ሰርግ ቪዲዮ፣ ከውጭ የተላከ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚከማቸው። ብራውዘራችሁ ውስጥ ያስቀመጣችኋቸው የይለፍ ቃሎች ካሉም ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

"ዲ ላይ ካለ አይነካም" የሚለውን ነገር ደግሞ በግማሹ ብቻ እመኑት። ሲ እና ዲ በአብዛኛው አንድ ሀርድ ዲስክ ናቸው፣ እንደ አንድ ቤት ሁለት ክፍል። ሲ ፎርማት ሲደረግ ዲ ይተርፋል። ቤቱ ሲቃጠል ግን ሁለቱም ይሄዳሉ።

2. ኤሌክትሪክ፣ አቧራ፣ ሰዓት

ይሄ የሶፍትዌር ጉዳይ አይመስልም። ግን "ዊንዶው ተበላሸ" ተብሎ ከሚመጣው ብዙው መነሻው እዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን እዩት። የኃይል ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ የምትመስል ነገር አለች። 115 እና 230 ተብሎ ተጽፎባታል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 115 ላይ እንዳለች ከሰካችሁት ጷ ይላል፣ ሽታው ሳሎኑን ይሞላል፣ አለቀ። ወደ 230 ግፏት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ተብሎ መጻፉን አረጋግጡ፤ እሱ ራሱን ያስተካክላል።

አቧራውን ለማውጣት ገመዱን ንቀሉ። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ የቀረው ኃይል እንዲወጣ። ከዚያ የጎኑን ብሎን በካቻቪቴ ፍቱና ክፈቱት። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ማራገቢያውን ስታጸዱ ክንፉን በጣታችሁ ያዙት፣ አይሽከርከር። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እናንተ "አረጀ" ትላላችሁ፣ እሱ ግን የታፈነ ነው። የኃይል ሳጥኑን ራሱን ግን አትክፈቱት። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ኮምፒውተሩን በከፈታችሁ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ሰዓት ሰሪዎች ጋ ትገኛለች። የሳንቲም ያህል ናት። የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ተኩ።

ከመንቀላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየነካካችሁ ባዮስ (ከዊንዶውሱ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ የራሱ ቅንብር) ውስጥ ግቡና ገጾቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ባትሪዋ ስትወጣ ባዮሱ የድሮ ቅንብሩን ይረሳል። በተለይ ሀርድ ዲስኩ የሚሠራበት ሁኔታ፣ ኤኤችሲአይ ወይስ አይዲኢ የሚለው፣ ከተለወጠ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ አልነሳም ይላል። በዚች አንዲት መስመር ምክንያት ብቻ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር አይቻለሁ።

ሰዓት ካነሳን፣ የእናቴ ኮምፒውተር ሌላ ጣጣም ነበረበት። ዩቲዩብ አይከፍትም፣ ጂሜይል አይከፍትም። "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ቫይረስ ነው ብለው ደምድመዋል። ቀኑን አየሁት። የጎረቤት ልጅ ለእናቴ ደግ ሥራ ልሥራ ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር አስተካክሎላታል! ኮምፒውተሩ ከዘመኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ዌብሳይቶች የሚያሳዩት የደህንነት ምስክር ወረቀት መጀመሪያ ቀንና ማብቂያ ቀን አለው። በኮምፒውተሩ ሒሳብ ወረቀቱ ገና አልተሰጠም፣ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው። ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ መለስኩት፣ ሁሉም ተከፈተ።

የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ አዲስ አበባን አትፈልጉ፣ ዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የለችም። "ናይሮቢ" የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ሰዓቱን በእኛ ማንበብ የለመደ ደግሞ በልቡ ስድስት ይቀንስ።

3. ምን እንዳመመው ጠይቁት

ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ታች "ሞር ዲቴይልስ" የሚለውን ንኩ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ምንም ሳትከፍቱ ጠብቁና ከላይ ያሉትን ቁጥሮች አንብቡ።

ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ ችግሩ ሀርድ ዲስኩ ነው። ወይ አርጅቷል፣ ወይ የሚያስጨንቀው ፕሮግራም አለ። ሜሞሪ (ራሙ ማለት ነው) ከ85 በላይ ሆኖ ዲስኩም አብሮ ከወጣ፣ ራሙ አንሷል። ዊንዶውስ ራም ሲያልቅበት ሀርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ እሱ ደግሞ በጣም ዘገምተኛ ነው። ሲፒዩ ብቻውን ከፍ ካለ የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ዝርዝሩ ላይ ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ ሲፒዩ ስል ፕሮሰሰሩን ነው። እኛ አገር ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ስለምንለው ሰሪና ባለቤት ሲነጋገሩ ስንቴ ሲተላለፉ ሰምቻለሁ።

እዚያው ላይ "ስታርታፕ" የሚል ክፍል አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረውት የሚነሱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ቴሌግራም፣ ስፖቲፋይ፣ ቲምስ፣ ዋንድራይቭ፣ የድሮ ፕሪንተር ረዳት፣ የቶረንት ማውረጃ። አንድ በአንድ በቀኝ ንኩና "ዲሴብል" በሉ። ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሳይጠራ አይመጣም ማለት ብቻ ነው። የድምፅ፣ የላፕቶፕ መንኪያና የአንቲቫይረስ የሆኑትን ተዉ። እናቴ ጋ አሥራ ሰባት ነበሩ። አራት አስቀረሁ። ቡናው ሳይቆላ ተነሳ።

4. ሀርድ ዲስኩን መርምሩ

ጆሯችሁን አስጠጉት። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚደጋግም ድምፅ ካለ ምርመራ አያስፈልግም። አጥፉት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የሚተርፈውን አትርፉ።

ድምፅ ከሌለ "ዚስ ፒሲ"ን ከፍታችሁ ሲ ላይ በቀኝ ንኩ። "ፕሮፐርቲስ"፣ ከዚያ "ቱልስ"፣ ከዚያ "ቼክ"። መብራት ድንገት በሚሄድበት ሰፈር ይሄንን በየጊዜው ማድረግ ጥሩ ነው። ኮምፒውተሩ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ የተጻፈው ነገር ግማሹ በአየር ላይ ይቀራል። በነገራችን ላይ፣ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ንቀሉ። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሀርድ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ ያነብላችኋል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ የተበላሹ ቦታዎች እየበዙበት ነው፣ ዕቃችሁን ገልብጣችሁ ምትክ ፈልጉ። ቢጫ ሆኖ ዓመት የሚሠራ አለ፣ በማግሥቱ የሚሞትም አለ። እኔ አልወራረድም።

የዊንዶውሱ የራሱ ፋይሎች ተበላሽተው ከሆነ መጠገኛ ትእዛዝ አለ። ባህር ዳር ላለችው እህቴ በስልክ እንዳስጻፍኳት ላስጽፋችሁ። መፈለጊያው ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ጻፉ። በሚወጣው ጥቁር ምስል ላይ በቀኝ ነክታችሁ "ራን አዝ አድሚኒስትሬተር" በሉ። ከዚያ ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ። አንድ ባዶ ቦታ። ወደ ቀኝ ያጋደለችው ጭረት። ከእሷ ጋር አጣብቃችሁ ስካን እና ናው፣ ሁለቱ ቃላት ሳይለያዩ፣ መሃል ላይ ሁለት ኤን አለ። ኢንተር። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግማሽ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ቆሟል ብላችሁ አትዝጉት።

ሲ ሞልቶ ከሆነም ያንቃል። ቢያንስ አንድ አምስተኛው ባዶ ይሁን። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ "ቴምፖራሪ ፋይልስ" ውስጥ ግቡና አጽዱ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ "ዳውንሎድስ" የሚልም አለ። ጊዜያዊ ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን የእናንተ ፎልደር ነው፣ ያ የቴሌግራሙ ቤት! እሱ ላይ ምልክት እንዳታደርጉ።

5. ጨርሶ አልነሳም ካለ

ተደጋጋሚ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ ራም ነው። ገመዱን ንቀሉ፣ ራሙን አውጡ፣ የወርቅ ቀለም ያለውን ጥርሱን በንጹህ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ጥረጉ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ ቀጭ እስኪል መልሱት። ሰሪዎች ገንዘብ የሚቀበሉበት ትልቁ ምስጢር ይሄ ነው። አይጠሉኝ።

ስክሪኑ በርቶ ዊንዶውሱ ብቻ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ክቡ መዞር ሲጀምር ማብሪያውን ይዛችሁ አጥፉት። እንዲህ ሦስት ጊዜ ያህል ስታደርጉት ዊንዶውስ 10 ራሱ ነገሩ ገብቶት የጥገና ገጽ ያመጣል። "ትራብልሹት"፣ ከዚያ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"። መጀመሪያ "ስታርታፕ ሪፔር"ን ሞክሩ። ካልሆነ "ሲስተም ሪስቶር"፣ ደህና ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል፣ ፎቶና ሰነድ አይነካም። ችግሩ የጀመረው አፕዴት ካደረገ በኋላ ከሆነ "አንኢንስቶል አፕዴትስ" የሚለውም እዚያው አለ።

ሴፍ ሞድ የሚፈልግ "ስታርታፕ ሴቲንግስ"፣ "ሪስታርት" ብሎ 4 ቁጥርን ይጫን። ሴፍ ሞድ ማለት ዊንዶውስ ነጠላ ልብስ ብቻ ለብሶ ሲነሳ ነው። እዚያ ደህና ከሠራ፣ ጥፋቱ ከላዩ ላይ የተደረበ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር (ዊንዶውሱን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ነው ማለት ነው። በቅርብ የጫናችሁትን አውጡ።

6. የፍላሽ ቫይረስ

ፎቶ ቤት ወይም ፕሪንት ቤት ሄዶ የተመለሰ ፍላሽ። ትከፍቱታላችሁ፣ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ለጥፈዋል። ፋይሎቻችሁ አልጠፉም። ተደብቀው ነው። ቀስት ያለበትን አትንኩ፤ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚሻገረው እናንተ ራሳችሁ ስትከፍቱለት ነው።

ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ "ቪው"፣ "ኦፕሽንስ"፣ እንደገና "ቪው" በሉ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ። ትንሽ ዝቅ ብሎ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚል አለ፣ ምልክቱን አንሱለት። ያስፈራራችኋል፣ "የስ" በሉት። አሁን ፍላሹ ላይ ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ይመጣሉ። አንዳንዴ ሁሉም ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ታገኟቸዋላችሁ። ፎቶና ሰነዶቹን ብቻ ገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። እዚህ ላይ ፎርማት ተፈቅዷል።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ፈትሹ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ "ቫይረስ ኤንድ ስሬት ፕሮቴክሽን"፣ "ስካን ኦፕሽንስ"፣ "ኦፍላይን ስካን"። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውሱ ሳይከፈት ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ለቤት ሥራ ይሄ አብሮት የመጣው አንቲቫይረስ ይበቃል። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን ግን አሮጌውን ኮምፒውተር ይገድለዋል፣ አንዱ ሌላውን ሲፈትሽ ይውላሉ። በክራክ የተከፈተ አንቲቫይረስ ደግሞ ሌባን ዘበኛ መቅጠር ነው።

7. ለእናንተ እንዲመች አድርጉት

ከሞባይል ዳታ ጋር የምታገናኙት ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አድርጉ። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ዋይፋይ፣ የኔትወርኩን ስም ንኩና "ሴት አዝ ሚተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ ትልልቅ አፕዴቶችን ሳይጠይቅ ማውረድ ያቆማል። ከአፕዴት ገጹ ላይ "ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን"ንም አጥፉ፤ እሱ የእናንተን ዳታ ተጠቅሞ ለሌላ ኮምፒውተር አፕዴት ሊያቀብል ይችላል። የሳምንት ጥቅል በአንድ ማታ ያለቀበት ሰው ይረዳኛል። በወር አንዴ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ አፕዴት አድርጉት።

ማሳመሪያውን ለመቀነስ "ዚስ ፒሲ" ላይ በቀኝ ንኩ፣ "ፕሮፐርቲስ"፣ "አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ"፣ ፐርፎርማንስ ከሚለው ሥር "ሴቲንግስ"። "አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ" የሚለውን ምረጡ። ሁሉም ምልክት ይጠፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አፕላይ ብሎ ይወጣና ፊደሉ ሁሉ የተሸረፈ ጥርስ ይመስልበታል። በተለይ የአማርኛው። "ጨ"ን ከ"ጬ" መለየት አቃተኝ ትላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ምልክት መልሱ። አንዱ "ስሙዝ ኤጅስ ኦፍ ስክሪን ፎንትስ"፣ ሌላው ፎቶዎችን በትንሹ የሚያሳየው "ሾው ተምብኔይልስ"።

አማርኛ ለመጻፍ ድሮ ግዴታ ፕሮግራም ገዝቶ መጫን ነበር። አሁን ሴቲንግስ፣ "ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ"፣ "ላንጉዌጅ"፣ "አድ" ብላችሁ አማርኛን ጨምሩ። ሲጨመር የዊንዶውሱ ማሳያ ቋንቋ ላድርገው ወይ ይላችኋል። ሜኑው ሁሉ አማርኛ እንዲሆን ካልፈለጋችሁ ምልክቱን አንሱ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መሻገሪያው የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው። ኒያላ የሚባለውን ፊደል የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው ተነጥሎ ነው የተቀመጠው። አፕስ፣ "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ውስጥ ገብታችሁ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፊደላትን ፈልጋችሁ ጨምሩ።

የድሮ የአማርኛ ሰነድ ስትከፍቱ የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ ቫይረስ አይደለም። ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የዛሬው የጋራ ዘዴ) በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፈ ነው። ያ ዘዴ የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሰነዱ የተጻፈበትን ፎንት አግኝታችሁ ብትጭኑ ይነበባል። የአባታችሁ የእድር መዝገብ ወይም የድሮ ውል ከሆነ፣ በተነበበ ጊዜ ወዲያው በፒዲኤፍ አስቀምጡት።

8. ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተሻለው

ያኔ ገንዘብ አውጡ። ግን ቦታውን እወቁ። የሚሽከረከረውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) መቀየር ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚደረግ ነገር ሁሉ ይበልጣል። ራም ከመጨመር በፊት እሱን አስቡ። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው ዓይነት ለአብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ይሆናል። 240 ጊጋባይት ለቤት በቂ ነው። ራም ስትገዙ ግን የነበረውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር3 ዲዲአር4 ቦታ አይገባም፣ የላፕቶፕ ራም ደግሞ ከዴስክቶፑ ያጥራል።

ቀጥሎ የዊንዶውሱ ነገር። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ነው። ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች የተጨመረው የደህንነት ማሻሻያም አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእናቴ ኮምፒውተር ከነጭራሹ አያልፍም። በጓሮ በር የሚያስገቡ አሉ፣ 4 ጊጋባይት ራም ላይ ግን ውጤቱ ያሳዝናል።

ሥራችሁ ፒችትሪ፣ አውቶካድ ወይም ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ከሆነ እዚያው ቆዩ። ዩቲዩብ፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራምና ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ከሆነ ግን በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንትን ሞክሩ። ነፃ ነው። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነቱ ቀለል ያለ ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። መልኩም ለዊንዶውስ 7 ለማዳ ሰው አይከብድም፤ ሜኑው ታች ግራ ላይ ነው።

የሚንትን ፋይል ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱ፣ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባዶ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ስኩና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ጻፉበት። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ እየነካካችሁ ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጡ። ደስ የሚለው ነገር ሳይጫን ይከፈታል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁ አለ? ፕሪንተሩን ያውቀዋል? አንድ ቀን ሙሉ እንዲሁ ተጠቀሙበት። ፍላሽ ላይ ስለሆነ ይዘገያል፣ አትፍረዱበት። ካልተስማማችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት ስታደርጉት ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ አለ።

እኔ ለእናቴ ኤስኤስዲ ገዝቼ ሚንትን እሱ ላይ ብቻ ጫንኩት። ዴስክቶፕ ስለሆነ አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ገመዱን ነቅዬ ተውኩት፣ በስህተት እንዳልደመስሰው። ጭነቱ ካለቀ በኋላ መልሼ ሰካሁትና ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ገለበጥኩ። የሰዓት ክልል ሲጠይቀኝ እዚህ አዲስ አበባ አለች። እናቴ ሁለት ቀን "የድሮው ኢ የታለ?" ስትል ቆየች፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ነው። የፋየርፎክስን ምልክት ዴስክቶፑ መሃል አወጣሁላትና ስሙን "ኢንተርኔት" ብዬ ቀየርኩት።

አሮጌው ሀርድ ዲስክ ቢጫ ነበር፣ ስለዚህ መጠባበቂያ አላደረግኩትም። ነቅዬ ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ፣ ወረቀት ላይ ቀኑን ጽፌ፣ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የረሳሁት ፋይል ካለ ስድስት ወር ይጠብቀኛል።